አንበሳንና ቀይ ቀበሮን ስናወዳድር ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ «ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ አጥቢ እንስሳት የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው። አንበሳንና ቀይ ቀበሮን መርጫለሁ። ሁለቱም ሥጋ በል አዳኞች ስለሆኑ ዘመዳሞች ናቸው፣ የሚለያዩት በመጠንና በጉልበት ብቻ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን ቀበሮ የውሻ ወገን ነው ይለኛል። እንዲያ ከሆነ ዓይኑ የድመት የሚመስለው ለምንድን ነው? ደግሞስ አንበሳ ሊጠፋ ነው እየተባለ ቀበሮ የትም ሞልቷል ይባላል። ጠንካራው ተሸንፎ ደካማው እንዴት አሸነፈ?»

ምላሽ፦ ሠንጠረዡን ከመሙላትዎ በፊት ስሙን ግልጽ ያድርጉ። በአማርኛ «ቀይ ቀበሮ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው በባሌና በሰሜን ተራሮች ወደሚኖረው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ወደሚባለው እንስሳ ነው። እሱ በዘሩ ከተኩላና ከውሻ ጎራ ነው፤ ከ11 እስከ 19 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹም 500 አይሞሉም። የውጭ መጻሕፍት ቀይ ቀበሮ የሚሉት ሌላ እንስሳ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቩልፐስ ቩልፐስ ይባላል። ሁለቱን ያደባለቀ ሠንጠረዥ በአንዱ ረድፍ «በዓለም ላይ በስፋት የተሰራጨ»፣ በሌላው ረድፍ «ለመጥፋት የተቃረበ» እያለ እርስ በርሱ ይጣላል። ፎቶውንም አብረው ይፈትሹ። የቩልፐስ የጅራት ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሲሆን የካኒስ ሲሜንሲስ ጥቁር ነው። የቩልፐስ እግሮች ከታች ጥቁር ካልሲ ያጠለቁ ይመስላሉ፤ የካኒስ ሲሜንሲስ እግሮች ረዣዥም ናቸው፣ ያ ጥቁረትም የላቸውም። ከዚህ በኋላ «ቀበሮ» ስል ቩልፐስ ማለቴ ነው።

ወደ ዝምድናው ስንመጣ ባልደረባዎ ልክ ናቸው፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩዎት። አንበሳም ቀበሮም ካርኒቮራ በሚባለው የአጥቢዎች ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ስሙ ሥጋ በል ማለት ቢሆንም ክፍሉ የተለየው በትውልድ ሐረግ እንጂ በምግብ አይደለም፤ ቀርከሃ ሲያላምጥ የሚውለው ፓንዳም እዚያው ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ለሁለት ተከፍሏል። ድመት መሰሉ ቅርንጫፍ አንበሳን፣ ጅብንና ጥርኝን ይይዛል። ውሻ መሰሉ ደግሞ ቀበሮን፣ ተኩላን፣ ድብን፣ ስሙ አንበሳ የሆነውን የባሕር አንበሳን ሳይቀር ያቅፋል። ስለዚህ አንበሳ ከቀበሮ ይልቅ ለጅብ ይቀርባል። ተማሪዎች በመጀመሪያ አያምኑዎትም፤ ጅብ ውሻ ይመስላላ!

ቀበሮ የውሻ ወገን ነው ማለት ግን ውሻ ነው ማለት አይደለም። ካኒዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ አብረው ቢመደቡም ውሻ 78 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የተሸከሙ ክሮች) ሲኖረው ቀይ ቀበሮ 34 ዋና ክሮሞዞምና ቁጥራቸው የሚለዋወጥ ጥቃቅን ትርፍ ክሮሞዞሞች አሉት። ከውሻ ጋር አይዳቀልም። የአንበሳ ክሮሞዞም እንደ ቤት ድመት 38 ነው።

የዓይኑ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ዝምድናን በመልክ መፍረድ የት እንደሚያስት ያሳያል። የቀበሮ የዓይን ብሌን በብርሃን ሲጠብ እንደ ቤት ድመት ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይሆናል። የአንበሳ ብሌን ግን ጠቦም ክብ ነው። እንግዲህ የድመት ዓይን ያለው ቀበሮው እንጂ የድመት ቤተሰብ የሆነው አንበሳ አይደለም ማለት ነው። ቀጥ ያለ ስንጥቅ የሚበዛው ቁመታቸው አጭር በሆነ፣ አድፍጠው ዘለው በሚይዙ፣ ቀንም ሌሊትም በሚንቀሳቀሱ አዳኞች ላይ ነው። ስንጥቁ በጨለማ በጣም ይሰፋል፣ በጠራራ ፀሐይ በጣም ይጠባል፤ ለመሬት ቅርብ የሆነ ዓይን ርቀትን አስተካክሎ እንዲለካም ይረዳል። ድመትና ቀበሮ አይጥን በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚያድኑ አንድ ዓይነት መሣሪያ አበጁ። የጋራ አያት ያወረሳቸው ነገር አይደለም።

ዝምድናን ማሳየት ከፈለጉ ከዓይን ይልቅ አፍ ይታመናል። አዋቂ አንበሳ 30 ጥርስ አለው፤ ቀበሮ 42። በአንድ ጎን ሲቆጠር አንበሳ ከላይ 8፣ ከታች 7 ነው፤ ቀበሮ ከላይ 10፣ ከታች 11። ልዩነቱ ያለው ከኋላ ነው። አንበሳ ከክራንቻው በስተኋላ እንደ መቀስ የሚቆርጡ ጥርሶች አሉት፣ የሚፈጭ መንጋጋ ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሥጋውን ቆርጦ ይውጣል እንጂ አያላምጥም። ቀበሮ መቀሱም አለው፣ ከመቀሱ ኋላ ደግሞ ፍሬና የጥንዚዛ ቅርፊት የሚያደቅቁ መንጋጋዎች አሉት። ምላሳቸውም እንዲሁ ተለያይቷል። በድመት ቤተሰብ ውስጥ ጣፋጭን የሚያውቀው የጣዕም ተቀባይ ዘረመል ተበላሽቶ ቀርቷል፣ ስለዚህ አንበሳ የስኳር ጣዕም አያውቅም። ቀበሮ በወቅቱ ያገኘውን የበሰለ ፍሬ ይለቅማል። በሠንጠረዥዎ ላይ ሁለቱንም «ሥጋ በል» ብለው ካስቀመጡ እዚህ ላይ ያርሙ፦ አንበሳ ያለ ሥጋ መኖር የማይችል ሥጋ በል ነው፤ ቀበሮ ሥጋ የሚያበዛ ሁሉን በል ነው። አይጥ፣ ጥንቸል፣ ወፍ፣ እንቁላል፣ የምድር ትል፣ ጥንዚዛ፣ ጥንብ፣ ፍሬ፣ ሰው የጣለው ትራፊ፣ ሁሉም ይሆነዋል።

«ልዩነታቸው በመጠን ብቻ ነው» ያሉት ዓረፍተ ነገር ስሕተቱ «ብቻ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የቀረውን ልዩነት ሁሉ የሚጎትተው መጠን ራሱ ነውና። ወንድ አንበሳ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሴቷ ከ110 እስከ 180 ትደርሳለች። ቀበሮ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ግራም ነው፤ ትልልቆቹ እስከ 14 ይደርሳሉ። 180 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንበሳ የ6 ኪሎ ግራም ቀበሮ 30 እጥፍ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሴት አንበሳ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ግራም ያህል ሥጋ ትፈልጋለች። በ20 ግራም አይጥ ትኑር ብንል በቀን 250 አይጥ መያዝ አለባት። ለ12 ሰዓት ሳታርፍ ብታድን በየሦስት ደቂቃው አንድ አይጥ ማለት ነው፤ እያንዳንዷን ለመያዝ የምታወጣው ጉልበት ደግሞ አይጧ ከምትሰጣት ሊበልጥ ይችላል። ቀበሮ ግን በቀን ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ይበቃዋል። ሁሉም አይጥ ቢሆን 25 ነው፣ ፍሬና ትል ሲጨመርበት ከዚያም ያንሳል፣ በአንድ ሌሊት የሚሟላ ነው። በሥጋ በል እንስሳት መካከል ይህ ወሰን 20 ኪሎ ግራም ገደማ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በታች ያሉት ከራሳቸው በጣም ያነሱ እንስሳትን እያደኑ መኖር ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ግን በአብዛኛው በክብደት የሚቀራረባቸውን ወይም የሚበልጣቸውን መጣል ግድ ይሆንባቸዋል። አንበሳ የሜዳ አህያና ጎሽ የሚጥለው ስለሚደፍር አይደለም። ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው።

ትልቅ ታዳኝ ደግሞ ቀንድና ሰኮና አለው። የአንበሳ ሙከራ አብዛኛው ይከሽፋል፤ ሲሳካም መንጋጋ የሚሰብር ርግጫ ወይም ሆድ የሚቀድ ቀንድ ሊመጣ ይችላል። መንጋጋው የተሰበረ አንበሳ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ በቀን እስከ 20 ሰዓት ተጋድሞ የሚውለው ለዚህ ነው፣ «ሰነፍ» የሚለው ቃል ሠንጠረዥዎ ውስጥ አይግባ። አድፍጦ ተጠግቶ አጭር ሩጫ ይሮጣል፣ በክብደቱ ይጥላል፣ ጉሮሮ ወይም አፍንጫና አፍ ላይ ነክሶ ትንፋሽ እስኪያጥር ይይዛል። ሲያገኝ አብዝቶ ይበላል፤ ወንዱ በአንድ ጊዜ 40 ኪሎ ግራም ገደማ መብላት ይችላል። ቀበሮ በጆሮው ያድናል። በሣር ወይም በበረዶ ሥር የምትንኮሻኮሽ አይጥን አዳምጦ ወደ ላይ ይዘልና ከላይ በፊት እግሮቹና በአፉ ያርፍባታል። የተረፈውን አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ እየቆፈረ ይቀብራል። «ቀበሮ በምድር መግነጢስ ያድናል» የሚል ነገር ካነበቡ፣ መነሻው በቼክ ሪፐብሊክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚደረጉ ዝላዮች ይበልጥ እንደሚሳኩ የታየበት ምልከታ ነው፤ መግነጢሱ በሙከራ የተረጋገጠ ምክንያት ስላልሆነ ለተማሪ እንደ እውነት አይስጡት።

ከአመጋገቡ ቀጥሎ አኗኗሩ ይመጣል። 20 ግራም አይጥ ለሁለት አይካፈልም፣ ስለዚህ ቀበሮ ብቻውን ያድናል። ብቻውን ያድናል ማለት ግን ብቻውን ይኖራል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንድ ክልል ይይዛሉ፤ ምግብ በሚበዛበት ቦታ ያለፈው ዓመት ሴት ልጆቻቸው ሳይወልዱ ቀርተው ታናናሾቻቸውን ያሳድጋሉ። እናት ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጉድጓዱ ስለማትወጣ ወንዱ ምግብ ያመላልስላታል።

የአንበሳ መንጋ መሠረቱ የሚዛመዱ ሴቶች ናቸው፦ እናት፣ ሴት ልጅ፣ እህት፣ አክስት። ወንዶቹ ከውጭ የሚመጡ፣ ብዙ ጊዜ ወንድማማች የሆኑ የሁለት ወይም የሦስት ቡድን ናቸው፤ መንጋውን ይዘው የሚቆዩትም በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። አዲስ ወንዶች ሲገቡ የቀደሙትን ደቦሎች ይገድላሉ፣ ያኔ እናቶቹ ቶሎ ለእርባታ ይመለሳሉ። መንጋ የሚመሠረተው አብሮ ለማደን ነው የሚለው ማብራሪያ የተለመደ ቢሆንም ጎደሎ ነው። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ለአሥርት ዓመታት የተደረገው ክትትል ያሳየው፣ ሴቶቹን ይበልጥ አንድ ላይ የሚያቆያቸው ደቦልንና ውኃ ያለበትን መልካም መሬት ከሌሎች አንበሶች መጠበቅ እንደሆነ ነው። «ሴቷ ታድናለች፣ ወንዱ ይበላል» የሚለውም ይታረም። ወንዶች በሌሊትና ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠው ራሳቸው ያድናሉ፤ ያልታወቀላቸው ሰው ስለማያያቸው ነው። ጎፈሩ ለጤንነትና ለጥንካሬ ምልክት ይሆናል፣ ግሳቱ ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል፤ ሁለቱም ከአደን ይልቅ ለተቀናቃኝ የሚነገሩ መልእክቶች ናቸው።

አሁን «ደካማው እንዴት አሸነፈ» ወደሚለው እንምጣ፤ መልሱ በአብዛኛው በመራባቱ ውስጥ ነው። ሴት አንበሳ 110 ቀን ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ደቦል ትወልዳለች፤ ደቦሎቹ ካደጉላት እስከሚቀጥለው ወሊድ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ሴቷም ራሷ ለመውለድ 3 ወይም 4 ዓመት ትጠብቃለች። ሴት ቀበሮ 52 ቀን ገደማ ብቻ አርግዛ ከ4 እስከ 6 ቡችላ ትወልዳለች፣ አንዳንዴም ከ10 በላይ። ቡችላው ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ነው፣ በሁለት ሳምንት ዓይኑ ይገለጣል፣ በ10 ወሩ ለመራባት ይደርሳል። እርግጥ ነው ቀበሮ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የምትወልደው፣ ለመፀነስ የምትችልበትም ጊዜ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቢሆንም አንዲት አንበሳ የመጀመሪያ ልጆቿን እስክትወልድ አንዲት ቀበሮ የልጅ ልጆች አይታ ሊሆን ይችላል።

በዚህ የተነሣ ያው ጉዳት በሁለቱ ላይ እኩል አያርፍም። በ1994 የውሾች ዲስቴምፐር ቫይረስ ሴሬንጌቲ ሲገባ ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉን፣ ወደ 1000 የሚጠጉ፣ ገደለ። በስካንዲኔቪያ በ1970ዎቹና 80ዎቹ የእከክ ወረርሽኝ የቀበሮን ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሎት ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን በጥቂት ዓመታት መልሶ ተሞላ።

መሬቱም ሌላው ነገር ነው። የአንበሳ መንጋ ሰፊ ግዛትና በመቶ ኪሎ ግራም የሚመዘኑ ታዳኞች ይፈልጋል፤ እነዚያ ሲያልቁ ወደ ከብት ይዞራል፣ ከብት ጠባቂም በመርዝና በወጥመድ ይመልስለታል። ቀበሮ አንድ የአትክልት ስፍራ፣ አንድ የባቡር ሐዲድ ዳርቻ ይበቃዋል፤ ለንደን መሐል ከተማ ሳይቀር ይወልዳል። ዛሬ ቀይ ቀበሮ ከዱር ሥጋ በል የየብስ እንስሳት ሁሉ ሰፊውን የምድር ክፍል የያዘ ነው፦ ሰሜን አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስያ፣ ሰሜን አፍሪካ። ወደ አውስትራሊያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ለአደን ስፖርት ሲሉ ወስደውት ትናንሽ አገር በቀል እንስሳትን ፈጅቷል፣ ስለዚህ «አሸናፊ» የሚለውም ሙገሳ አይሁን። አንበሳ በአንጻሩ በጥንት ዘመን እስከ ግሪክ፣ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ሕንድ ይኖር ነበር። ዛሬ የቀረው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካና በሕንድ ጉጃራት በሚገኘው የጊር ደን አካባቢ ነው፤ በ2020 ጉጃራት ውስጥ የተቆጠሩት 674 ነበሩ። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ አንበሳ «ለአደጋ የተጋለጠ» በሚለው ደረጃ ላይ ነው፤ «ሊጠፋ አፋፍ ላይ ያለ» ከሚለው ደረጃ ሁለት እርከን ይርቃል። ቀበሮ «ብዙም የማያሳስብ» ላይ ነው።

ሠንጠረዥ ሲሞሉ ብዙ ሰው የሚስትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዕድሜ ነው። አንበሳ በእንስሳት ማቆያ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል፣ በዱር ግን ወንዱ 10 ዓመት ካለፈ ብዙ ነው። ቀበሮ በማቆያ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል፣ በዱር አብዛኛው ከ2 እስከ 4 ዓመት ያልበለጠ ነው። የአንዱን ከማቆያ፣ የሌላውን ከዱር ወስደው ካወዳደሩ ረድፉ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ለአንበሳ የሚጻፈው በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ቁጥር ለአጭር ርቀት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ያለዚህ ማብራሪያ ከቀበሮው ቁጥር ጎን ለጎን ከተቀመጠ ተማሪው አንበሳ ለረጅም የሚያሳድድ ሯጭ ይመስለዋል።

ከሥዕል ይልቅ ዱካ ማሳየት ከፈለጉ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። አንበሳ ጥፍሩን ሰብስቦ ስለሚራመድ ዱካው ላይ የጥፍር ምልክት የለም፤ ክብ ነው፣ የመዳፉ የኋላ ጠርዝም ሦስት ጉብታ አለው። የቀበሮ ዱካ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሞላላ ነው፣ ጥፍሮቹ ከፊት ነጥብ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። ቀበሮ ጥፍሩን እንደ አንበሳ መሸሸግ አይችልም፤ ሲሮጥና ሲቆፍር ስለሚፋቅም የደነዘ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለተማሪዎችዎ ይድረስ። በሩሲያ ኖቮሲቢርስክ በ1959 የተጀመረው የቀበሮ ማላመድ ሙከራ ሰዎችን «ቀበሮ ይለመዳል» ወደሚል ድምዳሜ ወስዷል። እዚያ የለመደው ቀበሮ ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ የተራባ ዘር እንጂ ከዱር የተያዘ ቡችላ አይደለም። ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታን ከሚያስተላልፉ ዋና የዱር እንስሳት አንዱ ነው፤ ሰው ሳይፈራ የሚጠጋ የዱር ቀበሮ የለመደ ሳይሆን የታመመ ሊሆን ይችላል፣ አይነካም። ከነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በብዙ ውኃና ሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ክትባት ለማግኘትም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬድ።

የምመክርዎት እንዲህ ነው። «ጉልበት» የሚለውን ረድፍ ይሰርዙ፤ 30 እጥፍ በሚበላለጡ እንስሳት መካከል ምንም አያስተምርም። የመጀመሪያውን ረድፍ ክብደት ያድርጉት፣ ቀጥሎ የቀን ምግብ፣ ከዚያ ጥርስ፣ የአደን ስልት፣ አኗኗር፣ እርግዝናና የልጅ ቁጥር፣ በመጨረሻ ስርጭት ይምጣ። ሁሉም ቁጥር ከዱር የተወሰደ ይሁን። በስሙ ረድፍ «ቀይ ቀበሮ (ቩልፐስ ቩልፐስ)» ብለው ይጻፉ፣ ከሥሩም ካኒስ ሲሜንሲስ ሌላ እንስሳ መሆኑን በአንድ መስመር ያስገቡ። የ250 አይጦቹን ስሌት ግን ሠንጠረዡ ላይ አይጻፉት፤ የአይጧን ክብደትና የአንበሳዋን የቀን ምግብ ብቻ ሰጥተው ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት።